አራት ኪሎ አካባቢ ያለችው ፉል ቤት፦ ምግቡ ሌላ፣ አሠራሩ ሌላ

ፉሉ ላይ ክርክር የለም። እየተንተከተከ ይመጣል። ቃሪያው፣ ሽንኩርቱ፣ እርጎው በልኩ፤ ዳቦው ትኩስ።

ጉዱ የሚመጣው ባለቤቷ እትዬ የሌሉ ቀን ነው። ያኔ ጨው ይበዛል ወይ ጭራሽ ይረሳል። አስተናጋጁ ትዕዛዝ በቃሉ ስለሚይዝ የኔ ጨጨብሳ ጎን ካለው ጠረጴዛ ላይ አረፈ። በቴሌብር ከፈልኩ፤ መልእክቱ ግን የሚገባው እትዬ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ካሸሯ ደውላ እስክታረጋግጥ ቆሜ ጠበቅኩ። ቴሌብር እኮ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ! ለሱቅ የሚሆን የራሱ መክፈያ ቁጥር ማውጣት ይቻላል።

ሌላ ቀን እትዬን አግኝቼ “ወደፊትስ ምን አስበዋል?” አልኳቸው። “ጁስ ቤትም፣ ምሳም፣ ቅርንጫፍም” አሉኝ። ሜኑው ላይ በርገር ገብቷል ደግሞ። ማን ነው በጠዋት በርገር ፍለጋ እዚህ የሚመጣው? የሰፈሩ ምርጥ ፉል ቤት መሆን ምን አነሰው? የቅመሙ ልክ በማንኪያ ተጽፎ ወጥ ቤት ቢለጠፍ፣ ትዕዛዝም በወረቀት ቢያዝ፣ እትዬ ራሳቸው ታመው እንኳ ቤቱ ይሠራል። ቅርንጫፉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለምግቡ ከ10 9፣ ለአሠራሩ 4። እትዬ መኖራቸውን አይታችሁ ግቡ።