ለሃላይደጌው ስካውት፣ ከአባቴና ከእኔ

ያ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ባይኖር አባቴ ምንም ሳያይ ይመለስ ነበር። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

የሄድነው አፋር፣ ሃላይደጌ አሰቦት ፓርክ ነው። አባቴ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ የግሬቪን የሜዳ አህያ ሳላይ እንዳልሞት ይላል። በዱር የሚገኘው እኛ ጋና ኬንያ ብቻ ነው፣ የቀረውም ቢበዛ 3 ሺህ ገደማ ነው። ስሙም ከአገራችን አንዱ በስጦታ ከተላከለት ከፈረንሳዩ ፕሬዝዳንት ከዡል ግሬቪ የመጣ ነው። ይህን አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል።

ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ሄደን ተቃጥለን ነው የተመለስነው። አስጎብኚው መኪናውን ሜዳው ላይ እያስጋለበ እንስሳቱን ያባርር ነበር። ተው ስለው "ፎቶ አልፈለጋችሁም እንዴ?" አለኝ። አባቴ ያየው አቧራ ብቻ ነው። እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሃላይደጌው ስካውት ሳይነጋ ይዞን ገባ። ሳላ አየን፣ ሰጎን አየን። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ የግጦሹን ሳር እንዴት እየዋጠው እንደሆነም ነገረን፣ ግማሹ ባይገባኝም ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረው ሐዘን ገብቶኛል። ከዚያ እጁን አነሳና ሞተሩን አስጠፋ። እናትና ውርንጭላ!

"ትንሽ እንጠጋ?" አልኩት።

"አይሆንም። የምታጠባ ናት፣ ውሃ ልትጠጣ ነው። ከደነገጠች ሳትጠጣ ትመለሳለች።"

የአባቴ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ባይኖኩላር ሲይዝ ሁሉም ነገር ይዘልበታል። ልጁ ማንም ሳይነግረው ከፊቱ በርከክ አለ። ትከሻውን እየነካ "አባባ፣ እዚህ ያስደግፉት" አለው። ፀሐዩ እየከረረ፣ ዝንብ ፊቱ ላይ እያረፈ፣ ንቅንቅ አላለም። አባቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለና "ጆሮዋ! እንዴት ክብ ነው! መስመሯ ደግሞ ቀጭን፣ ሆዷ ነጭ" አለ። ድምጹ ተሰበረ፣ እኔም አለቀስኩ። ስንት ዓመት የጠበቀውን ነገር አየዋ!

ሳላስፈቅደው ስሙን አልጽፍም። ግን እባካችሁ ሂዱ፣ ስካውት ሳትይዙም እንዳትገቡ። ውሃ በደንብ ያዙ፣ በሌሊት ተነሱ፣ ቁሙ ሲላችሁ ቁሙ። በእውነት ሂዱ!

ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ አባቴ ሰላም ብሎሃል። ውርንጭላዋ ደህና ናት ወይ እያለ በየቀኑ ይጠይቀኛል።