የፍሬድሪክ ዳግላስ ቤት ወይስ መቃብሩ?

ከባርነት አምልጦ ባርነትን ሲታገል የኖረው ፍሬድሪክ ዳግላስ ቤቱ ዋሽንግተን ዲሲ፣ መቃብሩ ደግሞ ኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ነው። በመኪና ስድስት ሰባት ሰዓት ስለሚራራቁ ብዙ ሰው አንዱን ይመርጣል።

ቤቱ፦ አናኮስቲያ፣ ኮረብታ ላይ። በ1877 እ.ኤ.አ. ገዝቶት በ1895 እዚያው ሞተ። ውስጡን የሚያስጎበኙት የብሔራዊ ፓርክ ሠራተኞች ስለሆኑ አስቀድሞ ቦታ መያዝ ይሻላል። መጻሕፍቱና የጽሕፈት ጠረጴዛው አሉ። እኔን የሳበችኝ ግን ብቻውን ሊያነብና ሊጽፍ የሚገባባት የጓሮዋ የድንጋይ ክፍል ናት (ያሁኗ እንደገና የተሠራች ነች)። ደረጃው ብዙ ነው፤ ጉልበት የሚያማቸው ያስቡበት።

መቃብሩ፦ ማውንት ሆፕ። ክፍያ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ከሁለቱ ሚስቶቹ ከአናና ከሄለን ጋር ነው ያረፈው። የሴቶች መብት ታጋይዋ ሱዛን አንተኒም እዚያው ናት። የክረምቱ በረዶ ግን አይጣል ነው!

ልጆች ይዞ ለሚሄድ የዲሲ አካባቢ ሐበሻ ቤቱ ይመቻል፤ የሚታይም የሚጠየቅም አለው። ናያግራ ፏፏቴን ሊያይ ለሚነዳ ደግሞ ሮቸስተር ብዙም ከመንገዱ አያወጣውም።