የጃምቦሪ ፓች ልትገዙ ነው? 1935 ይሻላል 1937? 1950 ወይስ 1960?

ዲሲና ቨርጂኒያ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ሴል መዞር የምትወዱ ሰዎች ይህን ሳታዩ አትቀሩም፤ በብስኩት ቆርቆሮ የታጨቀ የስካውት ጥልፍ አርማ፣ እነሱ ፓች የሚሉት። እኔም ለዓመታት እያየሁ አልፌው እሄድ ነበር። ልጄ ስካውት ሲገባ ለሱ ብዬ አንድ ሁለት ገዛሁ፤ ከዚያ "ለሱ" የሚለው ቀረና የራሴ ሱስ ሆኖ አረፈው። አሁን አሁን "ከየትኛው ልጀምር?" የሚሉኝ ሰዎች በዝተዋል። የማወራው ስለ አሜሪካው ብሔራዊ የስካውት ጃምቦሪ ነው፤ ስካውቶች ከየአገሩ ጫፍ ተሰብስበው ድንኳን ተክለው የሚሰነብቱበት ትልቅ ካምፕ ማለት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ትልቁ ክርክር 1935 ወይስ 1937 የሚለው ነው። ታሪኩን ካላወቃችሁ ደግሞ ለምን እንደሚከራከሩ አይገባችሁም። የአሜሪካ ስካውት 25ኛ ዓመቱን በ1935 ዋሽንግተን ላይ በመጀመሪያው ብሔራዊ ጃምቦሪ ሊያከብር ነበር። ኦገስት 21 ሊከፈት ቀን ተቆርጧል፤ ፓቹም ተሠርቷል። ከዚያ ፖሊዮ አካባቢውን ያዘው። መክፈቻው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ኦገስት 8 ላይ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጃምቦሪው መሰረዙን አስታወቀ። ሩዝቬልት ራሱ በ1921 በዚሁ በሽታ ከወገብ በታች የሰለለ ሰው ነው። የሚገርመው፣ ከመታመሙ ትንሽ ቀደም ብሎ ኒውዮርክ ቤር ማውንቴን ላይ አንድ የስካውት ካምፕ ጎብኝቶ ነበር፤ በሽታው እዚያ ሳይዘው አይቀርም የሚሉ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ የ1935 ፓች ያልተካሄደ ጃምቦሪ ማስታወሻ ነው። ሠርጉ ተሰርዞ ቤት የቀረ የጥሪ ካርድ በሉት።

የ1937ቱ ግን እውነት የተካሄደው ነው። ከጁን 30 እስከ ጁላይ 9፣ 27,232 ሰው በዋሽንግተን ሐውልት አካባቢና በታይዳል ቤዚን ዙሪያ ድንኳን ተክሎ አደረ። አዎ፣ እኛ በመጋቢት የቼሪ አበባ ለማየት ፓርኪንግ ፍለጋ የምንሰቃይበት ያው ቦታ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ 1937ን ግዙ። የ1935 ታሪክ ልብ ይሰርቃል፤ ግን አስመሳዮችም ይህንኑ ስለሚያውቁ ሐሰተኛው በዝቷል። በዚያ ላይ 1935ን ለብሶት ጃምቦሪ የዋለ ልጅ የለም። የ1937ቱ ግን ዕድለኛ ከሆናችሁ ከነጓዙ ይመጣል፤ ካምፑ ውስጥ ይታተም የነበረው ዕለታዊ ጋዜጣ፣ የልጁ ማስታወሻ ደብተር፣ ሐውልቱ ሥር የተነሳው ፎቶ። አንድ ቆሻሻና የተሰፋበት ክር ያልወለቀ ፓች ከነባለቤቱ ፎቶ ከመጣ፣ ከአዲስ የሚያበራ ፓች ይልቅ እሱን እመርጣለሁ። በዋጋ ሁለቱም አይቀመሱም፤ በመቶዎች ዶላር ሊጠሩባችሁ ይችላሉ።

የ1935ቱን የምጠላው በራሴም ስለደረሰብኝ ነው መሰለኝ። አንድ ኦንላይን ሻጭ "የአያቴ ነው" ብሎ ሸጠልኝ። ፎቶው ላይ ቆንጆ ነበር። ቤት ሲደርስ ልጄ ጊንጥ ለመፈለጊያ በገዛት የዩቪ ባትሪ ጨለማ ውስጥ አበራሁበት፤ ክሩ እንደ ዲስኮ ቤት ሸሚዝ ቦግ አለ። የዛሬ ክር የሚያነጣ ኬሚካል ስላለበት በዚያ ብርሃን ያበራል፤ የ1930ዎቹ ክር ግን ዝም ይላል። በእርግጥ እውነተኛ ፓች በዛሬ ሳሙና ከታጠበም ሊያበራ ይችላል፤ ስለዚህ ዳኛው ባትሪው ብቻ አይደለም። ሁለቱም ዓመቶች ፌልት በሚባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ላይ የተሠሩ ናቸው። ሱፍ ደግሞ ብል ይወዳል። ስትገዙ ወደ መስኮት አንስታችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀዳዳ ፈልጉ፤ ከገዛችሁ በኋላም እባካችሁ አትጠቡት።

ወደ 1950 እንምጣ። ፔንሲልቬንያ ቫሊ ፎርጅ፣ 47,163 ሰው። ጁን 30 ፕሬዚዳንት ትሩማን መጥቶ ንግግር አደረገላቸው፤ የኮሪያ ጦርነት ከተነሳ አምስት ቀኑ ነበር፣ በኋላ የኛም ቃኘው የዘመተበት ጦርነት። ያን ዕለት እዚያው የ3 ሳንቲም የስካውት ቴምብርም ወጣ። ቴምብሩ ከ130 ሚሊዮን በላይ ስለታተመ ዛሬም ዋጋው ሳንቲም ነው። በወጣበት ቀን ፖስታ ላይ ተለጥፎ የቫሊ ፎርጅ ማኅተም የተመታበትን ካገኛችሁ ግን ውሰዱት፤ በትንሽ ገንዘብ ቀኑንና ቦታውን አንድ ላይ የያዘ ዕቃ ነው።

1960 ደግሞ የስካውት 50ኛ ዓመት ነበር። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ 56,377 ሰው። ብዙ ሰው ስለመጣ ፓቹም ብዙ ነው፤ የአንድ ምሳ ሒሳብ አውጥታችሁ ልታገኙ ትችላላችሁ። ለጀማሪ እሱን እላለሁ። ብትሳሳቱ እንኳ የምትከስሩት አንድ ምሳ ነው። 1950 ለማደግ ለሚፈልግ፣ 1960 እጅ ለማፍታታት። የዚያ ዓመት የ4 ሳንቲም ቴምብር በኖርማን ሮክዌል ሥዕል የተሠራ ነው፤ ግን የወጣው ለ50ኛ ዓመቱ እንጂ ለጃምቦሪው አይደለምና "የጃምቦሪ ቴምብር" ብለው ከቆለሉባችሁ እለፉት።

መሃል ላይ ያለው 1953 ሳይነሳ ቢታለፍ ያሳዝነኛል። ካሊፎርኒያ አርቫይን ራንች ላይ ነው የተካሄደው፤ ዛሬም እዚያ ጃምቦሪ የሚባል መንገድ አለ። ፓቹ ላይ ሸራ የለበሰ ጋሪ አለ፤ ለኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። የቴክሳስ ልጆች ቀንዳም እንሽላሊት ይዘው መጥተው በፓች ይለውጡ ነበር ይባላል። 1957 እና 1964 ተመልሰው ቫሊ ፎርጅ ናቸው፤ ስብስብ ለማሟላት ካልሆነ አትቸኩሉባቸው።

አንድ የሚያድናችሁ ነገር፦ ሁልጊዜ የጀርባውን ፎቶ ጠይቁ። የ1950ዎቹ ፓች ጀርባው ጨርቅና ክር ነው። ፕላስቲክ የተቀባ ጀርባ በኋላ የመጣ ነገር ስለሆነ፣ "1953" የተጻፈበት ፓች ጀርባው በፕላስቲክ ከተሸፈነ በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። ለማስታወሻ ተብለው እንደገና የተሠሩ ስላሉ ሻጩ ሌባ ላይሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን የማስታወሻ ዋጋ መሆን አለበት።

ከ1973 ወዲህ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ያን ዓመት ጃምቦሪው በሁለት ቦታ ተካሄደ፣ አይዳሆ ፋራገት እና ፔንሲልቬንያ ሞሬን። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ካውንስል (የስካውቱ የአካባቢ ቅርንጫፍ) የራሱን የትከሻ ፓች ያሳትማል፤ አንዳንዱ በአንድ ጃምቦሪ ብቻ ደርዘን ዓይነት ያወጣል። ከ1981 እስከ 2010 ቨርጂኒያ ፎርት ኤ ፒ ሂል የጦር ሰፈር ነበር የሚካሄደው፤ እኛ አካባቢ ቆርቆሮ ሙሉ የሚገኘው ለዚህ ነው። ከ2013 ጀምሮ ዌስት ቨርጂኒያ ነው፤ የ2021ዱን ኮቪድ አስቀረው። በዚህ ዘመን ፓች ላይ ገንዘብ አታፍሱ። ልጅ ካላችሁ የራሳችሁን ካውንስል ፓች አሥር ያህል ግዙለትና ጃምቦሪ ላይ ብርድ ልብሱን ሣር ላይ ዘርግቶ ይለዋወጥ። አዋቂ ከልጅ ጋር መለዋወጥ አይፈቀድለትም፤ ስለዚህ ልጃችሁ ያን የምትመኙትን ፓች በማይረባ ሲለውጠው ዳር ቆማችሁ የውኃ ጠርሙስ መያዝ ነው ሥራችሁ።