የሚስተካከል የኋላ ዘንግ፦ ከውሃ አልላቀቅ ላለ አውሮፕላን

በግል የሠራችሁት የውሃ ላይ አውሮፕላን አልነሳም ብሎ ካስቸገራችሁ፣ ሌላ ሞተር ከማማተራችሁ በፊት ተንሳፋፊዎቹ ከክንፉ ጋር የሚፈጥሩትን ዘዌ ለኩ። ብዙ ሠሪዎች ጥፋቱን ሁሉ በጉልበት ማነስ ያሳብባሉ። እኔ ከአንድ ጥንድ የሚስተካከል የኋላ ዘንግ (ተንሳፋፊውን በኋላ በኩል ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ከሚያገናኘው ምሰሶ) ያገኘሁትን ለውጥ ከየትኛውም ውድ ፕሮፔለር አገኘዋለሁ ብዬ አላስብም፤ ስለዚህ ዕቃውን በሙሉ ልብ እመክራለሁ። ቅሬታም አለኝ፤ እሱንም በቦታው እናገራለሁ። ተመሳሳይ ዕቃ የሚሠሩ ወርክሾፖች ከአንድ በላይ ስለሆኑና አሠራራቸውም ስለሚቀራረብ፣ የሻጩን ስም ትቼ በዕቃው ላይ አተኩራለሁ።

አውሮፕላኔ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ክንፉ ከላይ የሆነ፣ በሁለት የአሉሚኒየም ተንሳፋፊዎች ላይ የቆመ ነው። ሕመሙ ለማንም የውሃ አብራሪ የሚገባ ነው። የሞተሩን ጉልበት ሙሉ ስሰጠው አፍንጫውን ቀና አድርጎ ውሃውን ይገፋል፤ ጎታች ኃይሉ እጅግ የሚበረታበትን፣ አብራሪዎች ጉብታ የሚሉትን ደረጃ ያለ ችግር ያልፍና በተንሳፋፊዎቹ እርከን (ሆዳቸው እንደ ደረጃ በሚሰበርበት ቦታ) ላይ ወጥቶ መንሸራተት ይጀምራል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ግን ፍጥነቱ ለመነሳት ጥቂት ሲቀረው ባለበት ይቆማል። ላግዘው ብዬ መሪውን ወደ ራሴ ስስብ የተንሳፋፊዎቹ ተረከዝ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ጎታቹ ኃይል ይጨምራል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። መሪውን ስለቀው ተመልሶ ይሮጣል፤ ክንፉ ግን የሚነሳበትን ያህል አየሩን ቀና ብሎ አይገጥመውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ተንሳፋፊ በእርከኑ ላይ ሲንሸራተት ጎታች ኃይሉ የሚያንስበት የራሱ የተመቸ አቀማመጥ አለው፤ ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ውሃው ይይዘዋል። ክንፉም የሚያነሳበት የራሱ ዘዌ አለው። ሁለቱን የሚያስታርቀው ተንሳፋፊው ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የታሰረበት ዘንበልታ ነው። ዘንበልታው ካነሰ ተንሳፋፊው ተመችቶት ሲሮጥ ክንፉ ሥራ ይፈታል። የኋላው ዘንግ ሲያጥር የአውሮፕላኑ ጅራት ወደ ተንሳፋፊዎቹ ይቀርባል፣ አፍንጫው ቀና ይላል፣ ክንፉም ተንሳፋፊው ሳይናወጥ ተጨማሪ ዘዌ ያገኛል።

የድሮዎቹ ዘንጎቼ ርዝመታቸው የማይለወጥ ነበር። በዚያ ዓይነት ዘንግ ዘዌ መለወጥ ማለት አዲስ ዘንግ መሥራት ወይም በማሰሪያው ሰሌዳ ላይ ሌላ ቀዳዳ መብሳት ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ የሚሄድ ማስተካከያ አልወድም፤ እርምጃው ትልቅ ነው፣ ሰሌዳውንም ያዳክማል። አዲሱ ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ጥርስ አለው፤ አንዱ ጫፍ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ የሚጠብቅ። ጥርሱ አሥራ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በአንድ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር የሚጓዝ ደቃቅ ጥርስ ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ቱቦ አንድ ዙር ስታዞሩት ርዝመቱ በ2.5 ሚሊ ሜትር ይለወጣል። ብሎን መንቀል የለም፤ የሚያስፈልገው የማጥበቂያ ዳዶዎቹን ማላላት፣ አውሮፕላኑን ከላይ ተሸክሞ ዘንጉን ከጭነት ማሳረፍ፣ ከዚያም ማዞር ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በእኔ አውሮፕላን በፊተኛውና በኋለኛው ማሰሪያ መካከል 1.5 ሜትር አለ። በዚህ ርቀት አንድ ዲግሪ ማለት 26 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ግማሽ ዲግሪ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ከአምስት ዙር ብዙም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ዙር ቆጥራችሁ አትመኑ። ዘንጉ ዘመም ብሎ የታሰረ ስለሆነ የርዝመቱ ለውጥና የከፍታው ለውጥ እኩል አይደሉም። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ዲጂታል ውሃ ልክ ነው፤ በአንድ ዲግሪ አሥረኛ የሚያነብ ከሆነ በዚህ ርቀት 2.6 ሚሊ ሜትርን ይለያል ማለት ነው፣ ይበቃል።

ከዕቃው ሁሉ የማረከኝ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ናት። በቱቦው ጫፍ አጠገብ፣ ጥርሱ ቢያንስ እስከዚያ መግባት ያለበት ቦታ ላይ ተበስታለች። ቀጭን ሽቦ ስታስገቡባት ከጥርሱ ጋር ተጋጭቶ ከቆመ ዘንጉ በቂ ይዟል፤ ሽቦው አልፎ ከገባ ግን ጥርሱ ከልክ በላይ ወጥቷልና በዚያ ሁኔታ መብረር አይቻልም። አውሮፕላን በሚገጣጥም ሰው ዘንድ አዲስ ነገር አይደለችም፤ ነገር ግን ይህችን ቀዳዳ የሚዘነጉ ርካሽ ዘንጎች አይቻለሁና ሠሪው ስላሰበባት አመሰግነዋለሁ። ዳዶዎቹም የደኅንነት ሽቦ የሚታሰርባቸው ናቸው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አብሮ የመጣው መመሪያ ዘዌውን ከተንሳፋፊው የላይኛው ገጽ ለኩ ይላል። ይህ ለአንዳንዱ ተንሳፋፊ ይሠራ ይሆናል፣ ለሁሉም ግን አይሠራም፤ የላይኛው ገጽ ከሆዱ ጋር የግድ ትይዩ አይደለም። ውሃው የሚያውቀው ሆዱን ነው። እኔ የለካሁት ከእርከኑ ወደ ፊት ካለው ቀጥተኛ የሆድ መስመር ነው፤ በላይ በኩል ደግሞ የክንፉን መስመር ወስጄ ልዩነታቸውን መዘገብኩ። መመሪያው ይህን በአንድ ሥዕል ሊያሳይ ይችል ነበር።

የባሰው ግን ስለ ክብደት ማዕከል አንዲት ቃል አለመተንፈሱ ነው። የክብደት ማዕከሉ ያለው ከተንሳፋፊዎቹ በላይ ነው፤ አፍንጫውን ቀና ስታደርጉት ማዕከሉ ከእርከኑ አንጻር ወደ ኋላ ይሄዳል። አውሮፕላኑ ከሚዞርበት ከፊተኛው ማሰሪያ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ማዕከል በግማሽ ዲግሪ ወደ ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ይሸሻል። ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ማዕከሉ ከእርከኑ ጥቂት ቀድሞ መገኘት አለበት፤ እየሸሸ ወደ እርከኑ ከተጠጋ አውሮፕላኑ በሩጫ ላይ አፍንጫውን ከፍ ዝቅ እያደረገ መናጥ ይቀናዋል። ይህ መናጥ በእያንዳንዱ ዙር እየባሰ የሚሄድ አደገኛ ነገር ነው፤ መሪውን በመሳብ ወዲያው ካልረጋ ጉልበቱን ቀንሶ ማቆም እንጂ ማባበል አይገባም። ዘዌ ለውጣችሁ የማዕከሉን ቦታ እንደገና ሳትለኩ ወደ ውሃ አትውረዱ። በየአገራችሁ ያለው የአየር ብቁነት ደንብ እንዲህ ላለው ለውጥ ምርመራና ምዝገባ የሚጠይቅ ከሆነ እሱም ይቅደም።

ተንሳፋፊዎቹን ወጥረው የሚይዙትን ሰያፍ የሽቦ ገመዶችም መመሪያው በአንድ መስመር ያልፋቸዋል። ገመዶቹ ሳይላሉ ዘንጉን ብታዞሩ ጭነቱ ሁሉ በማሰሪያዎቹ ላይ ያርፋል። መጀመሪያ አላሏቸው፤ ከማስተካከያው በኋላ በእኩል ውጥረት መልሷቸውና የግራና የቀኝ ተንሳፋፊ አንድ ዓይነት ዘዌ መያዛቸውን፣ ትይዩ መሆናቸውንም ሰያፍ ለሰያፍ በሜትር አረጋግጡ። አንዱ ከሌላው ከተለየ አውሮፕላኑ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

ውጤቱስ? በግማሽ ዲግሪ ጭማሪ አውሮፕላኑ ሌላ ሆነ። በእርከኑ ላይ ከወጣ በኋላ ፍጥነቱ አይቆምም፤ መሪውን በሁለት ጣት ያህል ስነካው ብቻ ይለቃል፣ ተረከዙም ውሃ አይነካም። ልዩነቱ ጎልቶ የታየኝ ውሃው እንደ መስታወት ጸጥ ባለበት ጠዋት ነው። ጸጥ ያለ ውሃ የተንሳፋፊን ሆድ አጥብቆ ይይዛል፤ ቀለል ያለ ሞገድ ሲኖር አየር በሥሩ ስለሚገባ ይቀላል። ቀድሞ በጸጥታ ውሃ ላይ አንዱን ተንሳፋፊ በክንፍ መሪ አስቀድሜ ካላነሳሁ የማይሆንልኝ መነሳት አሁን በቀጥታ ይሆናል።

ይህ ግን በነፃ አይገኝም። ተንሳፋፊዎቹ በበረራ ላይ አፍንጫቸውን ወደ ታች ደፍተው ስለሚሄዱ የጉዞ ፍጥነቱ ትንሽ ቀንሷል። በማረፍ ጊዜም አውሮፕላኑን ቀና አድርጎ መያዝ ይጠይቃል፤ ተዘርግቶ ከመጣ የተንሳፋፊው ጫፍ ከእርከኑ ቀድሞ ውሃ ይነካል፣ ይህም ሊገለብጥ የሚችል ነገር ነው። ሙሉ አንድ ዲግሪ ጨምሬም ሞክሬዋለሁ፤ መነሳቱ ከግማሹ ብዙም አልተሻለም፣ ማረፉ ግን ምቾት ነሳኝ፣ ስለዚህ ወደ ግማሹ መለስኩት። ይህን ወዲያና ወዲህ ማለት በአንድ ከሰዓት በኋላ እንድጨርሰው ያስቻለኝ የዘንጉ ጥርስ ነው፤ በቋሚ ዘንግ ቢሆን ማንም አይሞክረውም።

ዕቃውን ከማዘዛችሁ በፊት ግን የተንሳፋፊዎቻችሁን ክፍሎች ከፍታችሁ በፓምፕ አድርቁ። የገባ ውሃ በሊትር አንድ ኪሎ ነው፤ ተሸክማችሁት መነሳት አይቻልም። የመሸከም አቅማቸውንም አስሉ፦ ለቀላል አውሮፕላኖች የወጣው የአሜሪካ ደንብ ሁለት ተንሳፋፊዎች በጋራ ከሙሉ ክብደቱ 80 በመቶ ተርፎ እንዲሸከሙ ይጠይቃል። 600 ኪሎ የሚመዝን አውሮፕላን 1,080 ኪሎ የሚሸከም ጥንድ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ ዘንግ አያድናችሁም።

በጨው ውሃ ላይ የምትበሩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዘንጉ ጫፎች ከማይዝግ ብረት፣ ቱቦው ከአሉሚኒየም ነው፤ ሁለቱ በጨው ውስጥ ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። ሻጩ ጥርሶቹን ደረቅ አድርጎ ልኳቸዋል። ከመግጠማችሁ በፊት ፈታችሁ ዝገት የሚከላከል ግሪስ ቀቧቸው፣ ከእያንዳንዱ የጨው ውሃ በረራ በኋላም በንጹሕ ውሃ እጠቧቸው።