ቦሌ–ኮምቦልቻ በኪው 400፦ ድምፁ፣ ወንበሩና ጠንከር ያለው ማረፊያ

ወደ ኮምቦልቻ ትኬት የቆረጠ ተሳፋሪ ቦሌ ላይ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ተደቅኖ ሲያይ «ለወሎ አሮጌውን ነው የሚልኩልን» ማለቱ የተለመደ ነው። አይፈረድበትም፤ ግን ተሳስቷል። ለዚህ መስመር ከጄት ይልቅ ይህ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ዳሽ 8 ኪው 400፣ ይሻላል። እንከኖቹ ሌላ ቦታ ናቸው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፎከር 50 ምትክ ይህን አውሮፕላን ማስገባት የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከፕሮፔለሩ ጀርባ ያለው ሞተር ራሱ የጄት ዘመድ ነው፤ አየር ያምቃል፣ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ተርባይን ያሽከረክራል። ልዩነቱ ጉልበቱን ወደ ኋላ በመትፋት ፈንታ በማርሽ አድርጎ 4.1 ሜትር ስፋት ላለው ባለ ስድስት መቅዘፊያ ፕሮፔለር ማስረከቡ ነው። አንዱ ሞተር 5,000 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ በረራ የጀመረበት ሲ-47 አውሮፕላን በፒስተን ሞተር የሚሠራ ሲሆን፣ የአንዱ ሞተር ጉልበት 1,200 ነበር። ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ከውጭ የሚታየው መሽከርከር ብቻ ነው።

ቦሌና ኮምቦልቻ በአየር የሚራራቁት 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ጄት ነዳጅ ወደሚቆጥብበት ከፍታ ደርሶ ሳይደላደል መውረጃው ይደርሳል። ፕሮፔለር ግን ብዙ አየር በዝግታ ስለሚገፋ ዝቅ ባለ ከፍታና ፍጥነት ነዳጅ አያባክንም። ኪው 400 በሰዓት እስከ 667 ኪሎ ሜትር ይበራል፤ ስለዚህ ከጄት ጋር ያለው ልዩነት ጥቂት ደቂቃ ነው። በጣርማበር በኩል በመኪና ከሚፈጀው ቀን ጋር ለማወዳደርማ አይመችም።

ስለ ሰዓት ምርጫ፦ ከተቻለ የጠዋቱን በረራ ይያዙ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉም ሞተሩም 2,600 ሜትር ላይ ያሉ ያህል ይሆናሉ፤ ሜዳው ከቦርከና ወንዝ ዳር ተነሥቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ የገባ ያህል ማለት ነው። የሳሳ አየር ለመነሣት ረዘም ያለ መንደርደር ይጠይቃል፤ ስሌቱ ካልሞላ የሚቀነሰው ጭነት ነው። በክረምት ደግሞ ችግሩ ሙቀቱ ሳይሆን ተራራውን የሚሸፍነው ደመና ነው። ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከኮምቦልቻ በሚመለሱበት ዕለት ቦሌ ላይ ወደ ሌላ በረራ የሚያሸጋግር ጉዞ አያቅዱ፤ ሲሄዱም እንዲሁ።

ወንበሩ በአንድ ረድፍ ሁለት በሁለት ነው፤ መሐል ላይ የሚጨናነቅ ሰው የለም። ከክንፉ ትንሽ ፊት፣ በፕሮፔለሩ ትይዩ ያሉት ረድፎች ጫጫታው የሚበረታባቸው ናቸው። በግድግዳው ውስጥ የተተከሉ፣ ጫጫታውን የሚከታተሉ ማይክሮፎኖችና ንዝረት የሚያጠፉ መሣሪያዎች አሉ፤ ይረዳሉ እንጂ ጸጥታ አያመጡም። እንቅልፍ የሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀመጥ፤ በነፋስ ጊዜ ግን ጅራቱ የበለጠ ይወዛወዛል። ክንፉ ከጣሪያ በላይ ስለሆነ ቁልቁል ማየት አያግድም። ወደ ኮምቦልቻ ሲሄዱ በቀኝ መስኮት ወደ አፋር የሚወርደው ገደል፣ በግራ ደጋው ይታያል።

ከተነሡ ጥቂት ቆይቶ የሞተሩ ድምፅ በአንዴ ዝቅ ይላል። «ሞተሩ ጠፋ!» የሚል ሹክሹክታ የሚነሣው እዚህ ጋ ነው። አብሽር፣ አልጠፋም፤ አብራሪው ፕሮፔለሩን ከደቂቃ 1,020 ዙር ወደ 900፣ ኋላም ወደ 850 ሲያወርደው ነው። የመቅዘፊያዎቹ ማዕዘን ስለሚሰፋ ባነሰ ዙር ብዙ አየር ይገፋሉ።

ማረፊያው ሌላው የቅሬታ ምንጭ ነው፤ እዚህ ተሳፋሪው እውነት አለው። አውሮፕላኑ 32.8 ሜትር ይረዝማል። አፍንጫው ከልክ በላይ ቀና ካለ ጅራቱ መሬት ይነካል፤ ስለዚህ አብራሪዎች ጠፍጠፍ አድርገው ያሳርፉታል። ዱብ ማለቱ የአብራሪ ስንፍና አይደለም። ቀጥሎ የሚሰማው ጩኸት መቅዘፊያዎቹ ማዕዘናቸውን ቀይረው አየሩን እንደ ፍሬን ሲጠቀሙበት ነው።

መሐል አካባቢ በመስኮት በኩል የተቀመጠ ሰው ረጅሙ የጎማ እግር ከሞተሩ ቤት ሲወርድ ያያል። በ1999 ዓ.ም. ጳጉሜን መጨረሻ አንድ ኪው 400 ዴንማርክ ውስጥ፣ ከቀናት በኋላም ሌላው ሊቱዌኒያ ውስጥ ሲያርፉ የቀኝ እግራቸው ታጥፏል፤ ሁለተኛው እኛ 2000ን በተቀበልንበት ዕለት ነበር። የሞተ የለም። በዴንማርኩ ምክንያቱ እግሩን የሚያጥፈው ክንድ የብሎን ጥርስ ውስጥ የገባ ዝገት ነበር። ከውጭ የማይታይ ዝገት ስለሆነ መፍትሔው ክፍሉን ፈትቶ መመርመር ሆነ።

ትልቁ እንከን የዕቃ ማስቀመጫው ነው። ከራስ በላይ ያለው ሣጥን ጠባብ ነው፤ በትልቅ አውሮፕላን የሚገባው ባለ ጎማ ሻንጣ እዚህ ላይገባ ይችላል። የተፈቀደው 7 ኪሎ በለስላሳ ቦርሳ ቢሆን ይመረጣል፤ ጠንካራውን አስቀድመው ለጭነት ይስጡ። መሰላሉ የበሩ አካል ስለሆነ መውረዱ ፈጣን ነው፤ ለአቅመ ደካማ ግን ደረጃው ጠበብ ይላል፣ የሚደግፍ ሰው ያስፈልጋል።

ጆሮ የሚያመው ሲወጡ ሳይሆን ሲወርዱ ነው። ካቢኑ፣ ማለትም የተሳፋሪው ክፍል፣ በአየር የሚታመቀው ውስጡ ከ2,440 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይመስል ሆኖ ነው፤ ቦሌ ራሷ 2,330 ገደማ ላይ ስለሆነች በመውጣት ጊዜ ብዙም ለውጥ የለም። ሕፃን የያዘች እናት ጡቱን ወይም ጡጦውን ለመውረጃው ታቆየው። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ ደጋግሞ ይዋጥ። ደሴ የሚቀጥል ከሆነም ያው ጆሮ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በተቃራኒው እንደገና ይደፈናል።