አፍሪካ አዳራሽ ወይስ ማዘጋጃ ቤት? ከደሴ ሆኖ ሲታይ

አርቱሮ መዜዲሚ ጣሊያን ተወልዶ ገና በወጣትነቱ አስመራ የገባ አርክቴክት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ትልልቅ ሥራዎች አሉት፤ አፍሪካ አዳራሽና የከተማዋ ማዘጋጃ ቤት። ደሴ ውስጥ የግንባታ ወሬ በተነሳ ቁጥር ሁለቱን አነጻጽራለሁ።

አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ግንቦት 1955 እዚያው ተመሠረተ። ውስጥ ሲገቡ ቀልብ የሚይዘው 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት ነው። ፀሐይ ስታልፍበት ልብ ይነካል። አርክቴክቱ ለሠዓሊው ይህን ያህል ቦታ መልቀቁ ሁሌም ይገርመኛል። በውበት ከሆነ ያለጥርጥር እሱን እመርጣለሁ።

ማዘጋጃ ቤቱ ግን ለእኛ ይቀርባል። ቸርችል ጎዳና ዳገቱ አናት ላይ ነው። ከታች ሲመጡ መንገዱና ሕንፃው አንድ ላይ የታሰቡ ይመስላሉ። ደሴም ከጦሳ ተራራ ሥር ያለች የዳገት ከተማ ናት። እኛ ጋ ግን ብዙ ጊዜ ዳገቱ ተቆርጦ ይደለደላል፤ ፎቁም ተራራውን ይጋርዳል። እኔ ከደሴ ፒያሳ ቀና ስል ጦሳን ማየት እፈልጋለሁ! አዲስ አበባ ላይ አንድ ቀን ብቻ ያለው የደሴ ወጣት አርክቴክት፣ ቸርችልን ከታች ጀምሮ በእግሩ ይውጣው።