የሠርግ ቪዲዮን ከጥቁር ጠርዝ ማላቀቅ፦ ሃንድብሬክን በጅማ ስሞክረው

በ2000 ዓ.ም. እዚሁ ጅማ የተደገሰው የእኅቴ ሠርግ ዲቪዲ፣ አምና በገዛነው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት በአራቱም አቅጣጫ በጥቁር ጠርዝ ተከብቦ፣ በጠባብ መስኮት አሾልቀው እንደሚያዩት ትዕይንት አንሶ ይታይ ነበር። እናቴ ዛሬ በሕይወት የሌሉትን ዘመዶቻችንን ፊት ለመለየት ከመቀመጫዋ እየተነሣች ወደ ስክሪኑ ስትጠጋ ማየት አሳዘነኝ። በቅድሚያ ዲስኩን ወደ አንድ ቪዲዮ ቤት ወስጄ ነበር፤ «ፉል ስክሪን» ሆኖ የተመለሰልኝ ግን ወደ ጎን የተለጠጠ ምስል ነበር። የሙሽራይቱ ፊት ሰፍቷል፣ ከላይና ከታች ያለው ጥቁር ጠርዝ ግን እንዳለ ነው። ሃንድብሬክ የተባለውን፣ ቪዲዮን ወደ ሌላ ፋይል የሚቀይር ነፃ ሶፍትዌር ለመሞከር ያነሣሣኝ ይህ ነው።

ችግሩን ለመረዳት ሁለቱን ዓይነት ጠርዝ መለየት ያስፈልጋል። ቪዲዮው የተቀረጸው በሰፊው በ16 ለ 9 የወርድና የቁመት ምጥጥን ሲሆን፣ ዲስኩ ግን የተዘጋጀው በዚያን ጊዜ በየቤቱ ለነበረው የ4 ለ 3 ቴሌቪዥን ነው። ስለዚህ ከዲስኩ 576 አግድም መስመሮች ውስጥ እውነተኛውን ምስል የያዙት 432ቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከላይ 72 ከታችም 72 መስመሮች ጥቁር ሆነው ከምስሉ ጋር አብረው ተቀርጸዋል። የግራና የቀኙን ጠርዝ ደግሞ የሚጨምረው አዲሱ ቴሌቪዥን ራሱ ነው። ውጤቱም 1920 በ1080 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ባለው ስክሪን ላይ ምስሉ 1440 በ810 ብቻ፣ ማለትም ከስክሪኑ ጠቅላላ ገጽ 56 በመቶ ያህሉን ብቻ መያዙ ነው። መከርከም ያለበት በፋይሉ ውስጥ ያለው የላይና የታቹ ጠርዝ ነው፤ እርሱ ከተወገደ የጎኑ ያለ ምንም መለጠጥ በራሱ ይጠፋል።

ሃንድብሬክ ይህን ሥራ የሚሠራበት መንገድ አስደስቶኛል። ኤሪክ ፔቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው ይህ ሶፍትዌር 1.0 የተባለውን እትሙን ያገኘው በ2016 መጨረሻ ሲሆን፣ በዊንዶውስ፣ በማክና በሊኑክስ ይሠራል። ዲስኩን ሲከፍት ከቪዲዮው የተለያዩ ቦታዎች ናሙና ምስሎችን ወስዶ ጥቁሩ የት እንደሚያበቃ ይለካል። በእኔ ዲስክ ላይም 72 እና 72 ብሎ በትክክል አገኘው። ተከርክሞ የሚቀረው 720 በ432 በቁጥር ሲታይ 16 ለ 9 አይመስልም፤ ነገር ግን የዚህ ዓይነቱ ዲስክ ፒክስል ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ ስለሚበልጥ፣ በሚታይበት ጊዜ ወደ 768 በ432 ይሰፋና ምጥጥኑ ይሞላል። ሃንድብሬክ ይህን ስሌት ሳልነግረው ስለጠበቀ ፊቶቹ እንደ ተፈጥሯቸው ቀርተዋል። የቪዲዮ ቤቱ ሥራ የጎደለው ይህን ነበር።

ይሁን እንጂ ልኬቱን በጭፍን ማመን አይገባም። አቀናባሪው የሙሽሮቹን ስምና የሠርጉን ቀን የጻፈው በታችኛው ጥቁር ጠርዝ ላይ ስለነበር፣ በመጀመሪያው ሙከራዬ ጽሑፉ አብሮ ተቆርጦ ጠፋ። ናሙናዎቹ በነባሪው ቅንብር 10 ብቻ ስለሆኑ ለጥቂት ሰከንዶች የሚታይ ጽሑፍ ሊያመልጣቸው ይችላል፤ የናሙናውን ቁጥር ከቅንብሩ ማሳደግ ይቻላል። እኔ መግቢያውን ሳይከረከም ለብቻው አዘጋጅቼ አስቀመጥኩት።

ሌላው ጉዳይ ቪዲዮው ተጨምቆ በአዲስ ፋይል እንደገና መዘጋጀቱ ነው፤ ከጥራቱ ትንሽ መቀነሱ አይቀርም። የጥራት መለኪያው ቁጥር ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል፤ ለዲቪዲ ከ18 እስከ 22 ባለው ክልል መሥራት ይመከራል፣ እኔም 18ን መረጥኩ። ሥራው መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ ያልተጠናቀቀ የኤምፒ4 ፋይል አብዛኛውን ጊዜ ስለማይከፈት፣ ባትሪው ሙሉ በሆነ ላፕቶፕ መሥራት ይሻላል። ዋናውን ዲስክ ግን ፈጽሞ መጣል አይገባም።

በኮምፒውተር ላይ ለማየት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ አያስፈልገውም፤ በቪኤልሲ ማጫወቻ የ«ሲ» ቁልፍን ደጋግሞ በመጫን ፋይሉን ሳይነኩ ጠርዙን መሰወር ይቻላል። እኔ ግን ከፍላሽ በቀጥታ በቴሌቪዥን የሚታይ ፋይል ነበር የምፈልገው።

ከሠርጉ ጋር አብሮ የነበረውን የአባቴን የድሮ የቪኤችኤስ (የቪዲዮ ካሴት) ቅጂ ግን አልከረከምኩትም። እርሱ ከጅምሩ በ4 ለ 3 የተቀረጸ ስለሆነ ስክሪኑን እንዲሞላ ማድረግ ከቁመቱ ሩቡን መቁረጥ ነው፤ ይህም ማለት የቆሙት ሰዎች ራስ ወይም እግር ይቀራል ማለት ነው። የጎኑ ጥቁር ጠርዝ እንዳለ ይቆይ።

የሠርጉን ፋይል ባለፈው እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ ከፈትኩት። እናቴ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ ከሙሽራው ሚዜዎች ኋላ የቆመችውን አክስቴን በጣቷ አሳየችን።